መሃል ላይ የማይቆመው አሳንሰር

በሕንፃው አናት ባለው የአሳንሰር ማሽን ክፍል ውስጥ፣ ጠጋኟ መጀመሪያ ዋናውን የመብራት ብሬከር አወረደችው። ቆለፈችበትና ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። ከሚስማሩ ላይ ቀዩን መዘውር አነሳች፤ የመኪና መሪ ይመስላል፣ ግን ድፍን ብረት ነው። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰካችው፣ ነቅነቅ አድርጋ መግባቱን አረጋገጠች፣ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ከዚያ ነው አፏን የከፈተችው።

«ጋሼ፣ የፍሬኑን እጀታ ይያዙ። 'ይጫኑ' ስል ይጫኑት፣ ፍሬኑ ይለቃል፤ 'ይተዉ' ስል ወዲያው እጅዎን ያንሱ፣ መልሶ ይይዛል።»

ጋሼ የሕንፃው ዘበኛ ናቸው። ስምንት ፎቅ በደረጃ ወጥተው ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነፋል። «እኔ ቀድሜ ካልሞትኩ!»

መብራት ጠፍቶ በአራተኛና በአምስተኛው ፎቅ መካከል በቆመው አሳንሰር ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ለብቻዋ ተይዛለች። አስም አለባት፤ የትንፋሽ መርጫዋን ስድስተኛ ፎቅ፣ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ትታው ነበር። ጠጋኟ ወደ ላይ ስትወጣ አንስታ ደረት ኪሷ ውስጥ ከታዋለች። ልብስ ሰፊዋ መጮኹን ትታ በጫማዋ በሩን ትደበድባለች። ድብደባውም እየሳሳ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት አሳንሰር የጠገነችውን ይህችን ሴት ሰፈሩ «እመት መዘውር» ይላታል። ሰው ስለ ነገ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ከሰማች፣ ቃሉን ከነቀኑ በማሽን ክፍሉ በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ትጽፈዋለች። «ሴት ይህን ሥራ ከወር በላይ አትችለውም — አባባ።» «በሁለት ዓመት ውስጥ ደረጃ የሚወጣ አይኖርም — ባለ ሕንፃው።» ከሁሉም በታች፣ አምና አዲሱን መቆጣጠሪያ የገጠመው ኢንጂነር አለ፦ «ከእንግዲህ መብራት ቢጠፋም መሃል ላይ አይቆምም። ባትሪው ቅርብ ፎቅ ያደርሰዋል። ያን መዘውር ለብረት ለቃሚ ስጪው።»

አልሰጠችም። ግን ባትሪውን በየወሩ መፈተሽ ሲገባት፣ ሦስት ወር አልነካችውም። በሰው ትንቢት ስትስቅ ኖራ ይህኛውን ሳታውቀው አመነችው። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ጭጭ አለ።

«ይጫኑ!»

መዘውሩ ተንቀሳቀሰ።

«ልጄ፣ ወደ ታች አይሻልም?»

«አንድ ሰው ብቻ ናት፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው ማካካሻ ክብደት ይበልጣታል። ወደ ላይ ራሱ ይስባታል። የኔ ሥራ እንዳይሮጥ መያዝ ነው።»

ዓይኗ ገመዱ ላይ ነው። በነጭ ቀለም የተቀባው ምልክት ከብረቱ ጠርዝ ጋር ሲገጥም ሳጥኑ አምስተኛ ፎቅ ደረሰ ማለት ነው። አንድ ክንድ ይቀራል።

ድብደባው ቆመ።

ጋሼ ደንግጠው እጃቸውን አነሱ፤ ፍሬኑ ገጭ ብሎ ያዘ። «ዝም አለች እኮ! ምናልባት…»

«ምናልባትን በኋላ እናወራዋለን። ይጫኑ!»

ስንዝር። ሦስት ጣት። ምልክቱ ገጠመ።

«ይተዉ!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። በሩን በቁልፏ ከፈተችው። ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጫማዋ እጇ ላይ ነው። ጠጋኟ መርጫውን አቀበለቻት፤ ልብስ ሰፊዋ አንዴ፣ ሁለቴ ሳበችው። ትንፋሿ ሲመለስ ድምፅ ወጣላት።

«ተረከዙን… ጨረስኩት።»

«ጫማ ይሰፋል» አለች እመት መዘውር።

በነጋታው ባትሪውን ቀየረች። በሩ ላይ ከኢንጂነሩ ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ «ባይፈተሽም ይሠራል — እኔ።»

ይህን ልጽፍ ስጠይቃት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማች፤ ለምታነቡት መልእክቷን እንዳደርስ።

«የምትሠሩበት ሕንፃ ውስጥ የአሳንሰሩን ጠጋኝ ፈልጋችሁ 'ባትሪውን መቼ ፈተሽከው?' በሉት። ቢቆጣም ጠይቁት። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።»