ብድግ ማለት

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው። ሁለት ጠባቂዎች ከተሽከርካሪው ወንበር አንስተው፣ አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በጉልበቴ ሥር ይዘው እንደ ጆንያ አስገቡኝ። ኮርኒሱ ላይ የዝናብ ውሃ የተወው ቢጫ ምልክት ነበር። ቤቱ በረኪናና እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ግራና ቀኝ ሁለት የብረት አልጋዎች ነበሩ፤ በአንዱ ላይ ሽበት የጣለባቸው አንድ ሐበሻ ተቀምጠዋል። ፊቴን አንዴ አዩና ብድግ አሉ።

"ኖር!" አሉኝ።

ታላቅ ለታናሽ አይነሳም። ያውም ተሸክመው ላመጡት ታናሽ። በሁለት ፈረንጆች እቅፍ ውስጥ እንዳለሁ "በእግዜር" አልኩና አለቀስኩ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር።

ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ወላጆቻቸው ከአስመራ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። እዚያ የስፖርት መምህር ነበሩ። ሲያትል የመጡት የሰውነት ማጎልመሻን ሳይንስ በኮሌጅ ሊማሩ ነው። ጴንጤ ስለሆኑ፣ ወንድማቸውም በደርግ ስለታሰረ፣ ኤምባሲው ፓስፖርታቸውን አላድስም አለ። ወረቀታቸው ጊዜው አለፈ፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ ተያዙ።

እኔ የመጣሁት በመርከብ ነው። ከአዲስ አበባ እስር ቤት ስፈታ በጅቡቲ አምልጬ አንድ የግሪክ ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርኩ። መርከቡ ስንዴ ሊጭን ሲያትል ቆመ። በደረጃ እንድወርድ ስላልፈቀዱልኝ በገመድ ወረድኩ፤ ገመዱ ደግሞ መሬት አይደርስም ነበር። ቀኝ እግሬ ተሰበረ። ወደቡ ላይ ለደረሰልኝ ሰው የማውቃትን አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ደጋገምኩለት፤ ጥገኝነት እፈልጋለሁ። ሰውዬው አምቡላንስ ጠራ፣ አምቡላንሱ ፖሊስ ጠራ። ሐኪሞቹ ከታፋዬ እስከ እግር ጣቴ በጄሶ ጠቀለሉኝ። ጄሶው ሲፈታ ከሥሩ የወጣውን እግር የኔ ነው ለማለት ከበደኝ። ጭኔ ክንዴን አክሎ ነበር። አጥንቱ ድኗል፣ አሁን መቆም ትችላለህ አሉኝ፤ እግሩ ግን ይህን አልሰማም። ወደ ስደተኞች ማቆያው የወሰዱኝ እንዲህ ሆኜ ነው።

በገባሁ በጥቂት ቀን አንድ መኮንን መጥቶ ከፋሲካ በኋላ ዳኛ ፊት እንደምቀርብ ነገረኝ። ጋሼ ያስተረጉማሉ። እግሬን አየና፣ ፈገግ ብሎ፣ "አይዞህ፣ በወንበሩ ገፍተን እንወስድሃለን" አለ። ደግ ሰው ነበር። ደግነቱ ነው የሰበረኝ።

አዲስ አበባ ከወፌ ላላ ባወረዱኝ ማግስት፣ ውስጥ እግሬ ተልጦ መሬት መርገጥ ስላቃተኝ፣ ሁለት ሰዎች አንጠልጥለው መርማሪው ፊት አቀረቡኝ። አዎን በል ያሉኝን ሁሉ አዎን አልኩ። ተሸክመው የሚያቀርቡት ሬሳ ነው፤ ሬሳ ደግሞ አይከራከርም። ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው። ወደ አገር ቢመልሱኝ እንደሚገድሉኝ አውቃለሁ፤ ግን የምለውን በእግሬ ቆሜ ልበል፣ አለዚያ አልቀርብም አልኳቸው።

ጋሼ እግሬን በሁለት እጃቸው ያዙና ጭኔን ጫን ጫን አደረጉት።

"ሶ፣ ጊዜው አጭር ነው" አሉ። "ይበቃናል ብዬ አልዋሽህም። ግን እንሞክራለን።"

እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። በማግስቱ ጠዋት መሬት ላይ ተኝቼ በእጄ ፑሽ አፕ እሠራ ጀመር፤ አገር ቤት እስር ቤት ሳለን ጠንካሮቹ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ጋሼ አዩኝ።

"ዳኛው ፊት የምትቆመው በእጅህ ነው?"

"ጉልበት ላበጅ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"ጉልበት ዝም ብሎ ጉልበት አይደለም። መነሳት የፈለገ ሰው መነሳትን ነው የሚለማመደው።"

የሁለታችንን ብርድ ልብሶች በሙሉ አጣጥፈው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ከመሩና ከላይ አስቀመጡኝ። ከፍ ካለ ቦታ መነሳት ይቀላል። ጥቂት ጊዜ ተነስቼ እንድቀመጥ፣ ከዚያ እንዳርፍ አዘዙኝ። ሲቀለኝ አንዱ ብርድ ልብስ ይወጣል፤ መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር ሸክሙ ይከብዳል። ብረት የለን፣ ሚዛን የለን፤ ያለን ብርድ ልብስና የገዛ ክብደቴ ነው።

"ጡንቻ የተጠየቀውን ነው የሚሰጥህ" ይሉኝ ነበር። "ጄሶ ውስጥ ምንም አልጠየቅከውም፣ ሶ ጥሎህ ሄደ። አሁን ደግሞ ባንዴ ብዙ ከጠየቅከው ይሰበራል። መርካቶ ኩሊ በገባበት ቀን ኩንታል ይሸከማል? ትንሽ ትንሽ ነው የሚጨመርለት። አንድ ቀን ትሠራለህ፣ በማግስቱ ሬስት ታደርጋለህ። ሬስቱም ሥራ ነው፣ ኦኬ?"

ኦኬ አልኩ እንጂ አላመንኳቸውም። ዕረፍት ለእስረኛ ምኑ ነው? ከዚያም በላይ ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። በእግሬ ካቆምከኝ ብዬ ለመድኃኔዓለም ተስያለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፣ እንቁላሉንና ወተቱን፣ ዶሮውንም ለጎረቤት እስረኞች እሰጣለሁ። በዕረፍት ቀን ጋሼ ሻወር ሲሄዱ ጠብቄ በድብቅ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። የሚበረታ መስሎኝ።

አንድ ቀን እንደዚያ ስነሳ እግሬ ተንቀጠቀጠና ከዳኝ። ሁለቱ አልጋዎች መሃል በግንባሬ ተደፋሁ። ጋሼ ሲመለሱ ያገኙኝ ሲሚንቶው ላይ ነው። ጉልበቴ አበጠ። ከብርድ ልብሶቹ ሁሉ ክምር ላይ እንኳ መነሳት አቃተኝ፤ ከጀመርኩበት በታች ወረድኩ።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ዝናቡ ቆሞ ነበርና ጠባቂው በመስኮቱ በኩል እያሳየ "ተራራው ወጥቷል" አለን፤ የሲያትል ሰው ደመናው ሲገፈፍ ትልቁን በረዷማ ተራራ ሲያይ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ተራራው ሌላ ቦታ ሰንብቶ የመጣ ይመስል። ቀና ብዬም አላየሁት። ገመዱ ላይ ሳለሁ ወደ ባሕሩ በኩል ወድቄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነበር የማስበው። ይህንንም ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

ጋሼ ምሳዬን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ብላ።"

"ጾም ነው።"

"ሥጋህ በምን ይጠገን ታዲያ? ስትሠራ ጡንቻው በጥቂቱ ይቀደዳል። ሥራው አያጠነክርህም፣ ስማኝ፤ ሥራው ይቀድሃል። የሚያጠነክርህ በማግስቱ በልተህ፣ ተኝተህ ሲጠገን ነው። ማግስት ካልሰጠኸው መቀደድ ብቻ ነው የሚሆነው።"

"ማግስት?" አልኩ ተናድጄ። "እኔን ሲቀዱኝ የነበሩት በማግስቱ ይመለሱ ነበር፣ ጋሼ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን።"



"አውቃለሁ" አሉ። "አሁን እነሱ የሉም። አንተ ነህ የምትመለሰው። የራስህ ገራፊ ሆንክ፣ ልጄ።"

ዳቦውን አነሳሁ።

ጾሜን አላስፈቱኝም፤ ይህንን ሳልናገር አላልፍም። "ባቄላ ጾም ነው አይደል?" ብለው ተነሱና በየቀኑ የራሳቸውን ሥጋ ለሜክሲኮዎቹ እስረኞች እየሰጡ ባቄላቸውን ይቀበሉልኝ ጀመር። የለውዝ ቅቤም ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም፣ ዳቦዬ ላይ ይቀቡልኛል። ጴንጤ ሆነው ለኦርቶዶክስ ጾም ባቄላ ይለምናሉ እያልኩ ስቀልድባቸው፣ "ጌታ ይቅር ይበለኝ" ይሉ ነበር። የሰዓቱን ነገር ግን አልማሩኝም፤ ጠዋት ፊቴ ቆመው ያበሉኛል። ስለቴን መድኃኔዓለም ከነጉድለቱ ይቀበለው።

እብጠቱ ሲጎድል ከክምሩ አናት እንደገና ጀመርን። ዘዴም ጨመሩ። "ከውጭ ስገባ ተነሳልኝ፤ ታላቅህ አይደለሁም?" አሉ። ከሻወር ሲመለሱ፣ ስልክ ኮል አድርገው ሲመጡ፣ በሩ ሲከፈት "ኖር!" እያልኩ አልጋውን ተደግፌ እነሳለሁ። የዕረፍቱ ቀን ነበር ጣጣው። ታላቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቅረት ለኔ ከመነሳቱ ይከብዳል፤ ሳላስበው ቂጤ ከአልጋው ሲላቀቅ "ሬስት!" ብለው ይጮሁብኛል። ጠባቂው ጤናችንን ሳይጠራጠር አይቀርም።

ብርድ ልብሶቹ አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻ አንድ ቀረ። ከባዶው አልጋ፣ ያለ እጅ ግን አልሆነልኝም። ጋሼ ፍርድ ቤቱን ያውቁታል፤ አግዳሚው ዝቅ ያለ ነው፣ መደገፊያም የለው ብለውኛል። በሞከርኩ ቁጥር ግማሽ ላይ ደርሼ ተመልሼ እወርዳለሁ። ፋሲካ አልፎ ቀጠሮዬ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማታ ማታ እጸልያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እሳደባለሁ።

አንድ የዕረፍት ቀን ቁርስ እንደበላን ጋሼን ጠሯቸው። ጠባቂው አልጋቸውን ገፈፈ፤ የሳቸውን ብርድ ልብሶች ወሰደ፣ ተሳስቶ የኔንም ጨመረ። ወዴት እንደሚወስዷቸው በምልክት ጠየቅኩት፤ አልነገረኝም፣ ምናልባት እሱም አያውቅም። ባዶው አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አሁን ማን አለኝ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ጋሼ መጽሐፍ ቅዱሳቸውንና ጫማቸውን ሊወስዱ ተመልሰው ነበር። እጃቸው ወገባቸው ላይ ካለ ሰንሰለት ጋር ታስሯል፤ እግራቸውም እንዲሁ፣ አጫጭር እርምጃ ነው የሚራመዱት። አንድ ጠባቂ ከኋላቸው ቆሟል።

ተነሳሁ። እጄ ምንም አልነካም። ግማሽ ላይ ስደርስ ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ አልተመለሰም፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"ኖር!" አልኩ።

ጋሼ እግሬን አዩ፣ ከዚያ ባዶውን አልጋ፣ ከዚያ እኔን።

"ዛሬ ሬስት አልነበረም እንዴ?" አሉ።

"ነበር፣ ጋሼ።"

"በእግዜር" አሉ። ማቀፍ ስላልቻሉ ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ጠባቂው ጥቂት ጠበቀና ወሰዳቸው። በሩ እስኪዘጋ አልተቀመጥኩም።

በቀጠሮዬ ቀን፣ ፍርድ ቤት፣ ዳኛው ሲገባ ተነሱ ተባልን። ያ ደጉ መኮንን እጁን ወደ ብብቴ ሲልክ "አመሰግናለሁ፣ ተወኝ" አልኩት። ከሁሉም ሰው ዘግይቼ ተነሳሁ፤ ዳኛው ሳይቀመጥ ጠበቀኝ። ተቀመጥ ብባልም የምለውን ሁሉ በአስተርጓሚ፣ ቆሜ ተናገርኩ። ውሳኔው ብዙ ጊዜ ወሰደ፣ ግን ይኸው እዚሁ አለሁ።

ዛሬ ሲያትል አጠገብ፣ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ጋሼን ብዙ ፈለግኳቸው። የጴንጤዎቹን ቤተ ክርስቲያኖች ዞሬ ጠየቅኩ፤ አንዱ ካናዳ አየኋቸው አለኝ፣ ሌላዋ ሱዳን ሞተዋል አለችኝ። በሕይወት ካሉ ዘጠናን ሳያልፉ አይቀሩም። አሁንም አንድ ቀን እያሳለፍኩ ከዝቅተኛ ወንበር ያለ እጅ እነሳለሁ፤ በመካከሉ ያለውን ቀን አርፋለሁ። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት በሩ በተከፈተ ቁጥር፣ ከልጆቼ "ዳድ፣ ጀስት ሲት" እየተባልኩ፣ የዕረፍት ቀኔም ቢሆን ብድግ እላለሁ። ሰዉ ጨዋነት ይመስለዋል። እኔ የገባውን ሽማግሌ ፊት ነው የማየው። እሳቸው ከሆኑ ተቀምጬ እንዳያገኙኝ ነው።