ጦም ያደረ መሬት ባለቤት አለው

ሰቆጣ ወህኒ ቤት የገባሁት በአፌ ነው። ዝናብ የከዳው ገበሬ ግብር ሊጠየቅ አይገባም ብዬ ገበያ መሃል ተናገርኩ። ከሰዓት በኋላ ግብር ባልከፈሉ ገበሬዎች መካከል ተቀምጬ ነበር። መንግሥት አድማጮቼን መርጦ ሰበሰበልኝ ማለት ይቻላል። ክፍሉ እርጥብ ጭቃ፣ ላብና የተቆላ ሽምብራ ይሸት ነበር።

ከእስሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ ኮሌጅ የሰጠኝ ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። መስከረም ሳይጠባ ትምህርቴን ለጊዜው ለማቋረጥ ፈቃድ ካልጠየቅሁ፣ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። ማመልከቻው ደግሞ ያለ ወህኒ ቤቱ አዛዥ ማኅተም አይወጣም።

"ታምሜ ነው በል" አለኝ አዛዡ።

"ጤነኛ ነኝ።"

"እንግዲያው እናትህ ሞተውብህ ይሆናላ።"

"ትናንት ስንቅ ይዛልኝ መጥታ፣ እርስዎ ራስዎ ቀምሰውላታል።"

"ታስሬ ነው ብለህማ አትጽፍም! እዚህ በንግግሩ የታሰረ ሰው የለም።"

ትንሽ ውሸት ማንን ገደለ የሚሉኝ ነበሩ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። በሽታ ከእግዜር ነው ይባላል፤ እስራት ግን አሳሪ አለው።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ የጋዝጊብላ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ነው። መሬታቸውን ለአንድ ዓመት ቢያሳርፉት፣ ጎረቤታቸው "ባለቤት የለውም" ብሎ አረሰው። በሬዎቹን ከቀንበር ፈተው ቢያባርሩ ታሰሩ።

በወህኒ ቤቱ አንድ ልማድ ነበር። አገረ ገዥው ሊጎበኝ ሲመጣ አንድ እስረኛ "አቤት!" ይላል፤ እሱም ቆሞ ይሰማል። የሚሰማው ግን አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እስረኞች ተራ ይይዛሉ። ክረምቱን ሙሉ የጠበቁት ሽማግሌ ተራቸው ደረሰ።

"አቤት! በሕግ አምላክ!"

"ምን ተበደልክ?"

"እኔስ ይቆየኝ፣ ጌታዬ። ይኼ ልጅ ትምህርቱን ጦም አሳደረው እንጂ አልጣለውም። ጦም ያደረ መሬት ባለቤት አለው። አዛዡ ታምሜያለሁ ብለህ ጻፍ ይሉታል። እስቲ ይዩት፣ የታመመ ይመስላል? የሁላችንንም ሽምብራ የጨረሰው እሱ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አገረ ገዥው ወደ እኔ ዞረ።

"ታመሃል?"

ተነስቼ ቆምኩ። "ጤነኛ ነኝ። ታስሬ ነው።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ የሚታይን ጤነኛ በሽተኛ ማለት ለአገረ ገዥም ይከብዳል። "እንደሆነው ይጻፍ" አለና ወጣ።

ተራዎን ለምን ሰጡኝ ብዬ ሽማግሌውን ብጠይቃቸው፣ "የእኔ መሬት የትም አይሄድ፤ መስከረም ግን ይሄዳል" አሉኝ።

ምክንያቱን ቁልጭ አድርጌ "እስራት" ብዬ ጻፍኩ። አዛዡ ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ጮኸ። ኮሌጁ ቦታዬን ጠበቀልኝ። በሚቀጥለው ጉብኝት ባለተራው ሳይጠየቅ ተራውን ለሽማግሌው ለቀቀ። ጮኹ፣ ተሰሙ፣ መሬታቸውም ተመለሰ።

እኔም ተፈትቼ ያቋረጥኩትን ጨረስኩ። ዛሬም ለሰላም ስትል ታምሜ ነው በል የሚሉኝ አስተዋይ ሰዎች አልጠፉም። ከመቀመጫዬ እነሳለሁ፤ ጤነኛ ነኝ እላለሁ።