ልጄ የነገረችኝ ሰዓት

ሰው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ማድረስ ነው ሥራዬ። ከአሌክሳንድሪያ፣ ከስፕሪንግፊልድ፣ አንዳንዴም ከሮክቪል ተሳፋሪ መጫን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በእኔ ምክንያት በረራ ያመለጠው ሰው ግን የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የማላውቀውን ሰው ሁሉ በሰዓቱ እያደረስኩ፣ የገዛ ልጄ ዝግጅት ላይ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ደርሼ ያለማወቅ ጥፋቴን ለማመን ነው።

ባለቤቴ መላ ዘየደች። በምንኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሠርግ ተጠርቶ የሚያውቅ ሰው ዘዴው አይጠፋውም። ካርዱ አራት ሰዓት ይላል፤ ሙሽሮቹ ስድስት ተኩል ላይ ይገባሉ፤ ሰዓቱን የምንቆጥረው እንደ ፈረንጁ ቢሆንም የምንደርሰው እንደ ራሳችን ነው። እሷም ለእኔ እንደዚያው ታደርግ ጀመር። የትምህርት ቤቱ ኮንሰርት ሰባት ሰዓት ከሆነ ስድስት ነው ትለኛለች። ውሎ አድሮ ነቃሁባት፣ ስድስት ስትለኝ ሰባት ብዬ መስማት ጀመርኩ። መንቃቴንም አወቀች፤ ግን ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ልጃችን እዚህ መሃል ነው ያደገችው። ከፍ ስትል ሰዓቱን ራሷ ትነግረኝ ጀመር፣ እሷም እንደ እናቷ አንድ ሰዓት ቀደም እያደረገች።

የምትጫወተው ቪዮላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሰዎች «ቫዮሊን ነው አይደል?» ሲሉኝ «ታላቅ እህቱ ናት» እላቸዋለሁ፣ ድምጿ ወፈር ስለሚል። ማስረዳቱ ሲታክተኝ ደግሞ «አዎ፣ ቫዮሊን ነው» ብዬ እገላገላለሁ። አንዷ ወይዘሮ «በዚህ ዕድሜዋ ነርሲንግ ብትጨርስ ኖሮ እኮ» ስትለኝ፣ የእርስዎ ልጅ ነርስ ሆና ስንት ጊዜ አስለቀሰችዎ ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ልጄ በምትጫወተው እኮራለሁ። የጎደለኝ ኩራት ሳይሆን ወንበሬ ላይ መገኘት ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰመር ላይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ኦስትሪያ ውስጥ ለሚደረግ ፌስቲቫል ተመረጡ። ቻምበር ሙዚቃ ይሉታል፤ ለጥቂት ተጫዋቾች የተጻፈ፣ ድሮ መሳፍንቱ በየእልፍኛቸው ያሰሙት የነበረ ሙዚቃ ነው። ፌስቲቫሉም የሚካሄደው በየአሮጌው ቤተ መንግሥትና በየገዳሙ አዳራሽ ነው። የእነሱ ተራ የደረሰው ከሳልዝበርግ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል በምትርቅ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ኮረብታ ላይ በተሠራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር።

እዚያው ሆና ደወለችልኝ።

«ዳዲ፣ ፋይቭ ኦክሎክ ነው። የምንጫወተው አንዴ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያዎቹም እኛ ነን። ከመጀመሪያው እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ፣ ኦኬ?»

«እመጣለሁ።»

«ፕሮሚስ?»

«በእናቴ!» አልኳት።

ባለቤቴ ከምትሠራበት ሆስፒታል ፈቃድ አልተሰጣትምና ብቻዬን ሄድኩ። በዕለቱ ረፋድ ላይ ደርሼ ትንሽ ተኛሁ፣ ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኮስኩ፣ ከቀኑ አራት ሰዓት ሳይሞላ ከሆቴሌ ወጣሁ። ቤተ መንግሥቱ ከታች ሆኖ ይታያል፣ ሽቅብ ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ሐይቁ ዳር ቆሜ ሳይ አንድ ሰውዬ ከአንድ ካፌ ወጥቶ «ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?» አለኝ።

አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ የካፌው ምግብ አብሳይ ነው። ሥራ ጨርሶ ሊወጣ ሲል ነው ያየኝ። በዚያች ከተማ ስምንት ዓመት ሲኖር አማርኛ የሚያናግረው ሰው እንዳላገኘ ነገረኝ። «አንድ ነገር ሳይቀምሱማ አይሄዱም» ብሎ ክንዴን ያዘ። የፖም ኬክ አስመጣ። ስለ ሠፈሩ፣ ስለ ሞቱበት አባቱ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አጫወተኝ። ከንግግር ብዛት አፉ ይደርቅና ውኃ ይጎነጫል፤ ደግሞ ይቀጥላል። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ደንገጥ ብሎ፣ «ውይ፣ ያዝኩዎት መሰለኝ። ሰዓት አለዎት፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ሞልቶ!» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ልጄ አምስት ካለች ስድስት ነው ብዬ በልቤ ቆርጬ ነበር።

አምስት ከሃያ ላይ ተሰናብቼው ኮረብታውን ወጣሁ። ዛሬስ ቀደምኩ እያልኩ ነበር የምወጣው። በሩን አልፌ ስገባ ግቢው ጭር ብሏል፣ ሰው የለም። ገና ማንም አልመጣም ብዬ ደስ አለኝ። ቀድሜ ስታየኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ ክራቫቴን አስተካከልኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ሙዚቃውን የሰማሁት።

በሩ ወፍራም የጥንት እንጨት ነው። አጠገቡ የቆመች ግራጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ መለሰችኝ። «ልጄ ናት» አልኳት በሹክሹክታ። ፊቷ አዘነልኝ፣ እጇ ግን ከበሩ እጀታ አልተነሳም። ያ ሙዚቃ አራት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ መሃል ጸጥ ይላል፣ ሰው ግን አያጨበጭብም፣ በርም አይከፈትም። ጸጥ ባለ ቁጥር አለቀ ብዬ አንድ እርምጃ እጠጋለሁ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። መቅደስ መግባት እንደማይገባው ሰው ደጅ ቆሜ ቀረሁ። ቪዮላዋን ከሌሎቹ ለመለየት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። አልቻልኩም። የልጄን ድምፅ መለየት አቃተኝ።

ጭብጨባው ሲቀልጥ በሩ ተከፈተ። አራቱ ተጫዋቾች በወዲያኛው በር ወጥተው አልቀዋል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ፣ ከተጫዋቾቹ መቀመጫ ስድስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ወንበሩ ላይ የልጄ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ተቀምጧል፤ «ዳዲ» ይላል በአማርኛ። አማርኛ መጻፍ መቻሏን አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ሰማሁ።

ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ቆማ አገኘኋት፣ የቪዮላው ሳጥን ጀርባዋ ላይ ነው። አልቅሳ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ዌር ወር ዩ?»

«አንድ ሰዓት ቀድመሽ የነገርሽኝ መስሎኝ ነው። እንደ ሁልጊዜው...»

ከእኔ ጋር ስታወራ ግማሹን እንግሊዝኛ የምታደርግ ልጅ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች በአማርኛ መለሰችልኝ።

«ለዛሬ እውነተኛውን ሰዓት ነው የነገርኩህ።»

ከዚያ «ኢትስ ፋይን፣ ዳዲ» ብላ ክንዴን ያዘችና እራት ወሰደችኝ። እዚያ ማዕድ ላይ ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ባለቤቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የምታጥበውን ሰሃን ሳታስቀምጥ፣ «አራት ሰዓት በይው ብያት ነበር እኮ» አለችኝ። «እምቢ አለች። ባሕር አቋርጦ ለሚመጣ ሰው አልዋሽም፣ ለዚህስ አያረፍድም አለችኝ።» በዚያን ቀን ጋራዥ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ አራቱ ልጆች አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አሮጌው ሠፈር ባለች የሸክላ ቤተ ክርስቲያን ያንኑ ሙዚቃ ሊጫወቱ ሆነ። «ፎር ኦክሎክ፣ ዳዲ» ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። የዚያን ቀን ሥራ አልያዝኩም። ሦስት ከሃያ ላይ ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምስት ተኩል ይላል።

አንድ ሰዓት እንኳ አልነበረም፤ አንድ ሰዓት ተኩል አድርጋዋለች።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጎብኚዎች አይስክሬም እየላሱ ያልፋሉ። አራት ተኩል ላይ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቁ መጡ። ስታየኝ ቆም አለች፤ ዓይኗ ወደ ወረቀቱ ሄደና ተመለሰ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ዋሸሽኝ ለማለት ምን አፍ አለኝ? እንድታፍርብኝም አልፈለግኩም።

«ረፈደብኝ አይደል?» አልኳት እየተነሳሁ። «አሁን ገና መድረሴ ነው።»

ትከሻዋን ቀለል ሲላት አየሁ። ጉንጬን ሳመችኝ።

«ኢትስ ኦኬ» አለችኝ፣ ወዲያው አምናኝ።