ጋሼ ያጠበቁት እንጨት

እንጨት መቅረጽ ያስተማሩኝ ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እዚህ በስደት በምንኖርበት ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ቶርኖ ማሽን አላቸው። በሽታ የገባበት የመንገድ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ግንዱን ለምነው ያመጡና ጎድጓዳ ሳህን ይሠሩበታል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው፤ የሰው እጅ መክዳት ሲጀምር ከማንም ቀድሜ አያለሁ።

የጋሼንም አይቻለሁ። መጀመሪያ ሻይ ሲቀዱ፣ ከዚያ መሮ ሲስሉ። አንዳንዴ ደግሞ ምን ሊሠሩ እንደተነሱ ይጠፋባቸውና ቆመው ይቀራሉ። ሥራ ቦታ ቢሆን ወዲያው ለነርሷ ሪፖርት አደርግ ነበር። ለጋሼ ግን በየት አፌ? አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ይሉኝታዬ እኔንም አስጠልቶኛል፣ ግን አለ።

ያን ቅዳሜ አዲስ ነገር ሊያሳዩኝ ነበር፤ እርጥብ እንጨትን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ማሳሳት። እንጨቱን ነክሶ የሚይዘውን ብረት በቁልፍ አጠበቁ። ሁልጊዜ ካጠበቁ በኋላ በሁለት እጃቸው ይነቀንቁታል፤ እኔ ስረሳ እንዴት እንደሚቆጡኝ! ያን ቀን አልነቀነቁትም። ተነስቼ ብነቀንቀው «አርጅተዋል» ማለት መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ቼክ አደረጉት?» ልል ነበር። «ጋሼ፣ መነጽርዎን ላቀብልዎት?» አልኩ።

«አርፈሽ እዪ!»

ማሽኑ ሲነሳ ድምፁ ልክ አልነበረም። ፈራሁ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። መሮው ገና ሲነካው እንጨቱ ተፈናጥሮ ወጣና የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣት ሰበረው።

ሚስታቸው ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል እየሮጡ መጡ። «ምን ሆነህ ነው?»

«እሷ ናት ያጠበቀችው» አሉ ጋሼ። «ተማሪ ናት፣ አትቆጪያት።»

ክው አልኩ። እየዋሹ አልነበረም። ዓይናቸውን አየሁት፤ ከልባቸው እንደዚያ ነው የሚያስታውሱት።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አልኩ።

ሴትዮዋ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን! እኔኮ እጁ ከድቶት መስሎኝ ነበር። ማሽኑን ከቤት ላስወጣ ነበር።»

ያኔም መናገር እችል ነበር።

ጄሶው የወለቀላቸው ዕለት ደወሉልኝ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሰምቻቸው አላውቅም።

«ቅዳሜ ነይ። ከእንግዲህ ግን ቁልፉን አትነኪም፤ እኔው ነኝ የማጠብቀው።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።