ፈተና የወደቀችው ሽጉጥና የላቮን ጣት

ላቮን ፒኬት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልሲ ስትመረምር ኖራለች። በሃርሎው ክሪክ ካልሲ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከማሽን የወጣውን ካልሲ እጇን ከትታ ትዳብሰዋለች። የሳተ ክር ካለ ዓይኗ ሳያየው ጣቷ ያገኘዋል። ባሏ ኤመሪ "ሚስቴን መዋሸት የተውኩት ፊቴን የዳበሰችኝ ዕለት ነው" እያለ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው ያስቅ ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው ማሽኖቹን ጭኖ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በመላው የአሜሪካዋ ጆርጂያ የኛን ከተማ ያህል ጸጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል የሚሰማው የባቡሩ ጩኸትና የኤመሪ ቀልድ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ግን ባሕሩን በተቃራኒው ተሻግረው ጣሊያኖች መጡ። ሽጉጥ ሠሪዎች ናቸው። የድሮውን የካልሲ መጋዘን ተከራዩና አሥራ አራት ሰው ቀጠሩ። ላቮን አንዷ ነበረች፤ ለእኔም ከሷ ጎን ወንበር ደረሰኝ።

ሥራው ግራ የሚያጋባ ነበር። ከጣሊያን በሣጥን የሚመጣው ሽጉጥ ሁሉ ጀርባው ላይ እንደ በሬ ሻኛ የጎበጠ ማነጣጠሪያ ተሸክሟል። እጀታው ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ማሳረፊያ የሚሉት ሰፊ ፕላስቲክ ተገጥሞበታል። እኛ ሁለቱንም ፈትተን በርሜል ውስጥ እንጥላለን፤ በምትካቸው ትንንሾቹን እንገጥማለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ላቮን ካቻቪቴዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

"አንተ ኦታቪዮ፣ ና እስቲ!"

ኦታቪዮ ዛኔቲ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። በነሐሴ ሙቀት እንኳ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ቀጭን ጎልማሳ።

"አቤት ሚስ ላቮን።"

"ይህን ሻኛ እዚያ የሚገጥም ሰው አለ?"

"አለ። የአጎቴ ልጅ ነው።"

"እኔ ደግሞ እዚህ እፈታዋለሁ።"

"አዎ።"

"የአጎትህን ልጅ ምን በድዬው ነው?"

ኦታቪዮ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ አስረዳን።

"ሽጉጥ ከውጭ ወደ አገራችሁ ሲገባ ፈተና አለበት። ለርዝመቱ ነጥብ፣ ለክብደቱ ነጥብ፣ የዒላማ ስፖርት ማነጣጠሪያ ካለው ነጥብ፣ ለአውራ ጣት ማሳረፊያውም ነጥብ። ሰባ አምስት ካልሞላ አይገባም።"

"እና ይሄ ሻኛ የፈተና ቀን ልብስ ነው በለኛ!"

"ልክ ነው። ካለፈ በኋላ ማንም አይጠይቀውም።"

"የሚወድቅስ የለም?"

ከኪሱ ፎቶ አወጣ። መዳፍ የማትሞላ፣ ለስላሳ፣ ጥቁር ሽጉጥ። "ይቺ ናት። በየሱቁ ሴቶች ለቦርሳችን እያሉ የሚጠይቁት እሷን ነው። ግን አጭር ናት። ምንም ብናለብሳት ቁመቷ ስለማይሞላ ፈተናው ክፍል እንኳ አትገባም።"

"እዚህ ብትወለድስ?"

"እዚህ ከተሠራችማ ፈተና የለባትም። ፈተናው ከውጭ ለሚመጣ ብቻ ነው። መንግሥትም ለወታደሩ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው 'እዚሁ የተሠራ ነው ወይ?' ብሎ ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ዳግም ምጽአትን?"

"ካቫሊዬሬን" አለ ኦታቪዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ካቫሊዬሬ በሚል የክብር ማዕረግ የሚጠሩት ቦርቶሎ የኩባንያው ባለቤት ናቸው፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ። ፋብሪካውን ያቆሙት አያታቸው ናቸው። "ሽጉጥ የሚሠራው የኛን ወንዝ ውሃ የጠጣ እጅ ነው፤ ካልሲ ሠሪ ምን ያውቃል?" ይላሉ አሉ። ላቮን ይህን ስትሰማ ፊቷ ያለውን ሽጉጥ አንስታ እንደ ካልሲ መዳበስ ጀመረች።

በጥቅምት ሽማግሌው ራሳቸው መጡ። ከዘራቸውን እየመቱ በየጠረጴዛው ዞሩና ከላቮን ጀርባ ካለው መደርደሪያ ፊት ቆሙ። አሥራ አንድ ሽጉጥ ለብቻው ተደርድሯል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ደስ ያላሉኝ ናቸው" አለች ላቮን።

ኦታቪዮ ላብ አጠመቀው። ወደ ጣሊያንኛ ሲመልሰው ማለስለሱን ከፊቱ አወቅን፤ ሽማግሌው ግን የላቮንን ፊት አይተው ሳይለሰልስ ገባቸው። ጆሯቸው ቀላ።

"ምን አሉ?" አለች።

"ከቤታችን የወጣ ብረት ሰው አማርሮበት አያውቅም አሉ።"

"ይለካዋ!"

መለኪያው መጣ። ካቫሊዬሬ ለሌላ ሰው አልሰጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው አንድ በአንድ ራሳቸው ለኩ። ከአሥራ አንዱ የዘጠኙ የላይኛው ብረት ከፀጉር ባነሰ ልክ ስቷል። ሁለቱ ደህና ነበሩ።

"ለሁለቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች ላቮን።

ሽማግሌው እጇን እንድታሳያቸው ለመኗት። ጣቶቿን እንደ ውድ ዕቃ እያገላበጡ አዩ።

"የት ተማሩት?"

"ካልሲ ላይ።"

ምሳ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የተጠበሰ ዶሮና የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይዘው መጡ። ካቫሊዬሬ መጀመሪያ እርጥቡን ኦቾሎኒ በሁለት ጣት አንስተው እንደ ሞተ ነፍሳት አዩት፤ ቀጥሎ ሳህኑን ሙሉ ጨረሱት። ከመሄዳቸው በፊት ለኦታቪዮ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ኦታቪዮ ወደ እኛ ዞረ።

"ትንሿ እዚህ ትወለድ አሉ።"

ላቮን ወደ መኪናዋ ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። የካልሲው ፋብሪካ የተዘጋ ዕለት አንዲት ዘለላ እንባ ያላፈሰሰች ሴት መሪውን ይዛ ትንሰቀሰቅ ነበር።

"ምን ሆንሽ?"

"ኦቾሎኒው ጨው በዝቶበት ነበር" አለችኝ።

በዓመት ተኩሉ አዲሱ ፋብሪካ ተመረቀ። የመጀመሪያዋ ትንሿ ሽጉጥ ስትወጣ ጎኗ ላይ የጆርጂያ ስም ተቀርጾባት ነበር፤ ላቮንም ዓይኗን ጨፍና ዳብሳ አሳለፈቻት። ካቫሊዬሬ በክብር ተኩስ ይከፈት ብለው እሷን ከጎናቸው አቆሟት። በዕድሜዋ ተኩሳ አታውቅም። ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጊዜ ተኮሰች። እሳቸው አምስት ተኮሱ። የዒላማ ወረቀቶቹ ሲመጡ የሷ እንደ ተገዛ ንጹሕ ነው፤ የሳቸው ላይ ስድስት ቀዳዳ አለ፤ ስድስተኛው ልክ መሃሉ ላይ።

"አሁንም እጄ አለ ማለት ነው!" አሉ ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ሰማይ አንስተው። ኤመሪ ሊናገር ሲል ላቮን እግሩን ረገጠችው።

የምርመራ ክፍሉ አለቃ ሆና አሥራ ሁለት ዓመት ሠራች። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ የትምህርት ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ "እስቲ እጅህን አሳየኝ" ትል ነበር። ጡረታ በወጣች ሰሞን ከኤመሪ ጋር ጣሊያን ሄዳ የካቫሊዬሬን መቃብር አየች፤ ድንጋዩን ዳብሳ "ጥሩ ተሠርቷል" አለች አሉ።