ህንዱ መምህር የተከለከሉት ፈቃድ

ወልድያ የተመደብኩት በደርግ ዘመን ነው። ከጎጃም የመጣሁ አዲስ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። በተከራየሁበት የቀበሌ ግቢ ጎረቤቴ ፊዚክስ የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ ነበሩ። እኔ ስመጣ ባለቤታቸው ከሞቱ ገና ጥቂት ሳምንታቸው ነበር። ሃይማኖታቸው እንደኛው ኦርቶዶክስ ስለነበረ የተቀበሩት እዚያው ወልድያ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን መምህሩ መቃብሩ አጠገብ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ በረንዳው ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር፤ ብዙ ግን አናወራም። አማርኛቸው ትንሽ ነበር።

«ገበያ የምትወጣው፣ ከሰው የምትጫወተው ባለቤቴ ነበረች» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ ከኋላዋ ዘንቢል ይዤ መከተል ብቻ፣ እህቴ።»

በዓመቱ መጨረሻ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ኢትዮጵያዊ የፊዚክስ መምህር ተመደበ፤ የሳቸው ውል እንደማይታደስ ተነገራቸው። አልተከፉም። «የአገሩ ልጅ ከተገኘ እሱ ያስተምር» አሉ። ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ሬዲዮ መጠገን ይችሉ ስለነበር የሠፈሩ ሰው የተበላሸበትን ሁሉ ያመጣላቸዋል። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው በዚሁ ሙያ ሊኖሩ ፈለጉ።

ሬዲዮናቸውን ያስጠገኑ አንድ ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎች ሰብስበው የአውራጃው አስተዳዳሪ ዘንድ ቀረቡ። «ይህ ሰው እኛ ዘንድ ሬሳ ቀብሯል፤ እንግዲህ የኛው ሰው ነው» አሉ። አስተዳዳሪው በደንብ አዳመጧቸው፤ ነገር ግን የውጭ አገር ሰው ጉዳይ የሚያልቀው አዲስ አበባ ብቻ ነው ብለው መለሷቸው። መምህሩ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው ተጓዙ።

ሲመለሱ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ፊታቸውን አይቼ መጠየቅ ፈራሁ። እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

«ፈቃዱ ለማስተማር ብቻ ነው አሉኝ። ማስተማሩ ሲያበቃ እሱም ያበቃል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ የለም።»

«ሬዲዮ ጥገናውስ?»

«ለሱ ኢትዮጵያዊ ይገኛል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይገኛል።»

«‹ባለቤቴ እዚህ ናት› አላሏቸውም?»

«አልኳቸው። ጉዳዬን የያዘችው ልጅ አዘነች። ‹ጌታዬ፣ ለዚህ የሚሆን ፈቃድ የለንም› አለችኝ።»

ሐጂው ሊሰናበቷቸው መጡ። «አብሽሩ፤ አላህ ያገናኘናል» እያሉ እጃቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። እኔ ግን መናኸሪያው ላይ መለየት አላስቻለኝም፤ አውቶቡሱ ላይ አብሬ ተሳፍሬ እስከ መርሳ ሸኘኋቸው። ሲሪንቃን አለፍን። መርሳ ሲደርስ አውቶቡሱ ቆመ፤ ሴቶች ፓፓያና ብርቱካን ይዘው መስኮቶቹን ከበቡ። ብርቱካን ገዝቼ ሰጠኋቸው።

«እህቴ፣ የባለቤቴን ሙት ዓመት አደራ» አሉኝ።

«አይስጉ፣ መምህር።»

አውቶቡሱ ወደ ውርጌሳ አቅጣጫ ሄደ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ የሚመልሰኝ መኪና ስጠብቅ ዋልኩ። የማውቀው ሰው አልነበረም፤ ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አላለኝም።

ቀኑ ሲደርስ ዳቦ አስጋግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ ለጸሎት የሟቿን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር። መምህሩ «ባለቤቴ» እንጂ በስም ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «የመምህሩ ባለቤት ብለን እናስባታለን። እግዜር ያውቃታል።»

ዳቦውን ለነዳያን አካፍዬ ስጨርስ ግቢው ባዶ ሆነ። ዘመዶቼ ወዳሉበት ወደ ጎጃም እንድዛወር ያመለከትኩት በዚያው ሳምንት ነው። ብዙም ሳልቆይ ተፈቀደልኝ።