በጓሮው ላይ ያረፈው ቀይ ነጥብ

ሥራዬ ከመሬት በታች ያለው ውሃ የት የት ጨዋማ እንደሆነ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ይህን ሚዛን ተፈሪ ላይ ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ጨዋማ ውሃ ፍለጋ መዞር እውነትም ያስቃል። ግን ከቴፒ ወዲያ፣ በቆላው በኩል፣ አንዳንዱ ጉድጓድ ጨው አለበት። መለኪያዬን እነክራለሁ፤ ውሃው ደህና ከሆነ ሰማያዊ ነጥብ፣ ጨው ከበዛበት ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ።

ያን ቀን የገባሁት አንድ የቡና ገበሬ ግቢ ነበር። ሚስቱ የደም ግፊት አለባት። ጤና ጣቢያ ጨው ከልክለዋታል፤ እሱም ወንዝ እየወረደች ውሃ እንዳትሸከም ብሎ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረላት። ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። ተደብቃ ትበላለች ብሎ ጨዉን ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። አልበቃ ብሎት በየጎረቤቱ ዞሮ ጨው እንዳይሰጧት አስጠነቀቀ። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሷው ፊት ነው። በጣም አናደደኝ፤ የሰው ቤት ነውና ዋጥ አደረግሁት።

ሴትየዋ ጨሞ ቀዳችልኝ። ጨሞ የቡና ቅጠል ከቃሪያና ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶ፣ ጨው ተጨምሮበት የሚጠጣ ነው።

"እስቲ ቅመሺው ልጄ" አለኝ ባልየው። "ቆልፌባት እንኳ ጨው ጨው ይላል። ከየት አመጣችው?"

"ውሃውን ብቻውን ቀምሰውት ያውቃሉ፣ አባቴ?"

"ባዶ ውሃ ማን ይጠጣል? ከብት ነኝ እንዴ?"

ጓሮ ወጥተን ከጉድጓዱ ቀዳንና መለኪያዬን ነከርኩ። ቁጥሩ ወደ ላይ ተተኮሰ።

"ቀይ ነው" አልኩት። "ጨዉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።"

አላመነኝም። በእፍኙ ጨልፎ ቀመሰ፤ ደግሞም ቀመሰ። ከዚያ የቀረውን መሬት ላይ ደፋው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለእሷ ብሎ የቆፈረው መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ።

ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። ቢጫውን ጄሪካን ከግድግዳው ሥር አነሳና ትከሻው ላይ አደረገ። በዚያ ሰፈር ከወንዝ ውሃ የሚቀዳ ባል መሳቂያ ነው። ሰው እንዳያየው ይመስለኛል፣ በቡናው መሃል ወደ ጓሮ አጥሩ አመራ።

"በዚያ አይደለም" አለች ሚስቱ። ከገባሁ ጀምሮ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። "ጨው አትስጧት እያልክ በዞርክበት በኩል ሂድ።"

ትንሽ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ በፊት ለፊቱ በር ወጣ።